የሐቦባ ዓሦች

መተማ የሳይንስ መምህር ሳለሁ ስድስት ዓሣ ገድያለሁ። ይህን ሳወራ ሰው ይስቃል። «በደርግ ጊዜ፣ ያውም ጠረፍ ላይ ኖረህ፣ የምታወራልን ስለ ዓሣ ነው?» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ በዚያ ዘመን ከዓሣ የከበደ ብዙ ነገር አይቻለሁ። ግን ያንን ያደረገው ሌላ ሰው ነው። ይኼኛውን ያደረግሁት እኔ ነኝ።

የምኖርባት የቀበሌ ቤት ከአንድ ጨርቅ ነጋዴ ግቢ ጋር አጥር ትጋራ ነበር። የነጋዴው ባለቤት በዕድሜ የገፉ፣ ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏቸው ከቤት የማይወጡ እናት ነበሩ። ሰፈሩ የሱዳኖቹን ቃል ተውሶ ሐቦባ ይላቸዋል፤ አያት ማለት ነው። እኔም በሌላ ስም ጠርቻቸው አላውቅም። አንዲት ልጃቸው ከጠረፉ ማዶ፣ ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ ተድራ ስድስት ወልዳለች። ገዳሪፍ ከመተማ በመኪና የግማሽ ቀን መንገድ ቢሆን ነው። ነገር ግን ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ለመሄድ እንኳ የይለፍ ወረቀት የሚጠየቅበት ጊዜ ስለነበር፣ ሐቦባ ከስድስቱ የልጅ ልጆቻቸው አንዱንም በዓይናቸው አላዩም።

አንድ ቀን ያች ልጃቸው በጭነት መኪና ሹፌር እጅ ዕቃ ላከች። በጆንያ የተጠቀለለ የመስታወት ሣጥን፣ ከእሱም ጋር ውኃና ዓሣ የያዘ ጀሪካን። ዓሦቹ ካርቱም የተገዙ፣ ጣት የማያክሉ፣ ገሚሱ ብርማ ገሚሱ ብርቱካንማ ነበሩ። ከጀሪካኑ ሲገለበጡ ብዙዎቹ በመንገዱ ሙቀት ሞተው ተገኙ። የተረፉት ስድስት ሆኑ። ሐቦባ ቆጠሯቸው፤ ደግመው ቆጠሯቸው። ከዚያ ማንንም ሳያማክሩ በስድስቱ የልጅ ልጆቻቸው ስም ሰየሟቸው።

እኔን ያስጠሩኝ በማግሥቱ ነው። «መምህር፣ አንተ ሳይንስ አይዶል የምታስተምረው? እስቲ ቤታቸውን አሳምርልኝ» አሉኝ። ዓሣ አርብቼ አላውቅም ማለት እችል ነበር። አላልኩም። ጓንግ ወንዝ ወርጄ አሸዋ አመጣሁ፤ ሰባት ጊዜ አጥቤ ከሣጥኑ ሥር አነጠፍኩት። ውኃ ውስጥ የሚበቅለውን ለስላሳ ሣር ከነሥሩ ነቅዬ፣ በጠጠር እያስያዝኩ ተከልኩ። ሣጥኑን ከሐቦባ አልጋ ፊት ለፊት፣ ከምሥራቁ መስኮት ሥር አስቀመጥኩት። ዕፅዋት ብርሃን ይፈልጋሉ፣ ይህም ብርሃን አስተጻምሮ ይባላል ብዬ ክፍል ውስጥ እንደቆምኩ ሁሉ ገለጻ አደረግሁላቸው። ሐቦባ እያዳመጡ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሁለት ሳምንት ያህል እውነትም ያምር ነበር። ሣሩ ሥር ሰደደ፤ ዓሦቹ በመሃሉ ይሽሎከለኩ ጀመር። ሐቦባ ጠዋት ጠዋት ክስራ የሚባለውን ስስ የማሽላ ቂጣ በጣታቸው እያደቀቁ ይበትኑላቸዋል። «ነይ ጉረሽ! ይቺ ሆዳም እናቷን ነው የወጣችው» ይላሉ። ከሁሉ የሚያንሰው ዓሣ በሽሚያው እየተሸነፈ ሣሩ ውስጥ ሲደበቅ፣ ለእሱ ብቻ ለይተው በጥጉ በኩል ይጥሉለታል። ገዳሪፍ ያለው ትንሹ ልጅም ከሲታ ነው ሲባል ሰምተዋል። እኔ ደግሞ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ እየጎተትኩ ወስጄ ሥራዬን አሳይ ነበር።

ከዚያ አረንጓዴው መጣ። የማስተምርበት መጽሐፍ ዋቅላሚ ይለዋል። መጀመሪያ በመስታወቱ ላይ ስስ ሆኖ ታየ፤ በጣቴ ሳብሰው ለቀቀ። በሳምንቱ የሣሩ ቅጠል ጸጉር አበቀለ። ቀጥሎ ውኃው ራሱ ጎመን የተቀቀለበት መሰለ። ሐቦባ ካልጋቸው ሆነው አንገታቸውን ቢያሰግጉ ከስድስቱ ሁለቱን ቢያዩ ነው። «መምህር፣ ልጆቼ ጠፉብኝ» ይሉኛል፤ በቀልድ ነው የሚሉት፣ ግን ቀልዱ ውስጥ ልመና ነበረበት።

ከትምህርት ቤት ስመለስ መስታወቱን በምላጭ እፍቃለሁ። ጸጉሩን በጭራሮ እየጠቀለልኩ አወጣለሁ። ከውኃው ሲሶውን በጣሳ ቀድቼ እደፋና በጉድጓድ ውኃ እተካዋለሁ። በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ይመጣል። ምክንያቱን ዛሬ አውቀዋለሁ። የቆላ ፀሐይ ከንጋት እስከ ረፋድ ይመታዋል፤ የክስራው ትራፊ ከሥር ይበሰብሳል፤ አረንጓዴው ከዚህ የበለጠ ድግስ አይፈልግም። ሣጥኑን ከመስኮቱ ማራቅ፣ ምግቡን ቀነስ ማድረግ፣ ሣሩ በርትቶ ቦታውን እስኪይዝ መታገሥ፤ መድኃኒቱ ይኸው ነበር።

የሚያንገበግበኝ ደግሞ ሐቦባ ነግረውኝ ነበር። «መምህር፣ እንስራም እኮ ፀሐይ ካገኘው ሆዱ አረንጓዴ ይይዛል። እኛ ጥላ ነው የምናስቀምጠው። ይኸንንም ወደ ውስጥ ብናነሣውሳ?» አሉኝ።

ሳቅሁ። ያን ጊዜ ሳይንሳዊ የሚባለው ቃል የማይለጠፍበት ነገር አልነበረም፤ የቀበሌያችን ሊቀመንበር እንኳ ፍየል ከመንገድ ሲያባርር ሳይንሳዊ አሠራር ነው ይል ነበር። እኔ በሱ እየሳቅሁ እኔው ብሼ ተገኘሁ። የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ነኝ፤ መስኮቱን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ፊደል ያልቆጠሩ ሴት አንሣው ሲሉኝ ማንሣት መሸነፍ መሰለኝ። «ሐቦባ፣ እርስዎ የሚሉት የእንስራ ነገር ነው፤ ይኼ ሌላ ነው» አልኳቸው። ከዚያ ወዲያ ስለ ጥላ አላነሡም።

ትምህርት ቤታችን ቁም ሣጥን ውስጥ ኮፐር ሰልፌት የሚባል ሰማያዊ ጨው ነበር። ዋቅላሚን ይገድላል የሚል አንድ ቦታ አንብቤአለሁ። ምን ያህል ይበቃል የሚለውን አላነበብኩም፤ ሚዛናችንም ከተሰበረ ቆይቷል። አንድ ቅዳሜ ቀትር ላይ፣ ከተማው ሁሉ ከሙቀቱ ሸሽቶ ጥላ ውስጥ በተጋደመበት ሰዓት፣ ጨውን ወቅጬ በወረቀት ቋጥሬ ሄድኩ። ሐቦባ አልጋቸው ላይ አሸልበዋል። በሻይ ማንኪያ አንድ ጨመርኩ። ትንሽ መሰለኝና ሌላ ደገምኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ውኃው ጠርቶ ሲያዩት በእኔ እንዲደነቁ ነበር ፍላጎቴ።

እሑድ ጠዋት ስደርስ ውኃው መጥራት ጀምሯል። ደስ አለኝ፤ ይህን አልደብቅም። ከዚያ ዓሦቹን አየሁ። ስድስቱም ከውኃው ጫፍ ላይ ሆነው አፋቸውን ይከፍታሉ ይገጥማሉ። ሐቦባ የራባቸው መስሏቸው ክስራውን እየፈተፈቱ፣ «ዛሬስ ጎበዞች ናቸው፤ ሁሉም አፋቸውን ከፈቱልኝ፣ ትንሹም ጭምር!» ይላሉ። ጣሳ አንሥቼ ውኃውን መቀየር ጀመርኩ። ስቀዳ፣ ስደፋ፣ ስቀዳ፣ ሸሚዜ ከላይ እስከ ታች ራሰ። እስከ ቀትር አምስቱ በጎናቸው ተንሳፈፉ። ትንሹ ትንሽ ቆየና ተከተላቸው።

«ምን ነካቸው መምህር?» አሉኝ።

ከአፌ አምልጦኝ ነው ብል ሌላ ውሸት መጨመር ነው። አስቤ ነው የተናገርኩት። «ምግብ በዝቶባቸው ነው ሐቦባ። ክስራው በስብሶ ውኃውን መረዘው» አልኳቸው። ግማሽ እውነት ስለነበረበት ለመናገር አልከበደኝም።

ሐቦባ እጃቸውን አዩ። ጣታቸው ላይ ገና የክስራ ፍርፋሪ ነበረበት። በልብሳቸው ጠረጉት፤ ደግመው ጠረጉት። ባለቤታቸው ከሱቅ መጥተው «ዓሣ እኮ ነው፤ ሌላ ይላክልሻል» ቢሏቸው፣ «እኔ ነኝ እያጎረስኩ የገደልኳቸው» አሉ። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር፤ ጣሳው በእጄ ነው።

ሐቦባ ነገሩን በዓሣ አላቆሙትም። ስም የተጋሩት ልጆች አንድ ነገር እንዳይሆኑ ፈሩ። በሚሻገር ሹፌር ሁሉ እጅ ወሬ አስጠየቁ። ሁሉም ደህና ናቸው የሚል መልስ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ፈጀ፤ በእነዚያ ሦስት ሳምንታት እህል የቀመሱት እንደነገሩ ነው። በየማታው ሄጄ አጠገባቸው እቀመጣለሁ። ዛሬ እነግራቸዋለሁ እያልኩ እገባለሁ፤ ደህና እደሩ ብዬ እወጣለሁ። የመንግሥት ንብረት አውጥቶ አባከነ፣ አሻጥር ሠራ እባላለሁ ብዬ ፈርቼ ነው ብል ለዚያ ዘመን ጥሩ ሰበብ ነበር። ግን እሱ አልነበረም። የፈራሁት ሐቦባ ፊት ምንም የማያውቅ ሰው ሆኜ መታየትን ነው። ድሮ እቤታቸው ስበላ ሳያጎርሱኝ አይለቁኝም ነበር። አሁን ሳህኑን ወደ እኔ ይገፉና እጃቸውን ይሰበስባሉ።

ዓመት ካለፈ በኋላ የይለፍ ወረቀታቸው ተሳካ። ገዳሪፍ ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ፣ ከዚያም አላህ ካለ ከልጃቸው ጋር ለሐጅ ሊሻገሩ ነው። ለሐጅ የሚነሣ ሰው የሌላ ሰው ሐቅ ተሸክሞ አይሄድም፤ ጎረቤቱን ሁሉ እየዞረ አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ ይላል፣ እነሱም ያለባቸውን ተናግረው አፉታ ይጠይቁታል። ሐቦባ በሁለት ሴቶች ተደግፈው በዚያ ጉልበታቸው ሰፈሩን ዞሩ። መጨረሻ ላይ የእኔ ደጃፍ ላይ ደረሱ። ወንበር ባወጣም አልቀመጥም አሉ።

«መምህር፣ ጓንግ ድረስ ወርደህ፣ አሸዋውን አጥበህ፣ ሣሩን ተክለህ፣ ያን ሁሉ ስትለፋልኝ በገዛ እጄ ከንቱ አስቀረሁት። አፉ በለኝ።»

«ኧረ ምንም አይደለም ሐቦባ» አልኩ።

«አይሆንም፤ አፍህን ሞልተህ በለው። እኔማ አሁን ልጆቹ ዘንድ ስደርስ ማጉረሱን ፈርቼዋለሁ። እናታቸው ታጉርሳቸው፤ እኔ እያየኋቸው እቀመጣለሁ።»

አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። ሁለት ማንኪያ መርዝ ጨምሬ እኔ ነኝ የገደልኳቸው፣ እጅዎ ንጹሕ ነው፣ ሂዱና ስድስቱንም አጉርሱ። ሁለቱ ሴቶች ያዩኛል። አፌን ከፈትኩ።

ሐቦባ የያዘኝን ነገር የተረዱ መሰሉ፤ የመናገሩንም በር የከፈቱልኝ እሳቸው ናቸው። «አንተስ ልጄ? በእኔ በኩል ያለብህ ነገር ካለ ተናገር፤ ምንም ይሁን፣ እኔም አፉ ልበልህ» አሉኝ።

«የለብኝም ሐቦባ» አልኳቸው።

«እንግዲያው አንተው በለኝ።»

«አፉ ብያለሁ» አልኳቸው፤ እሳቸውም አመስግነውኝ ሄዱ።