መኝታ የምትደለድለው ሴት

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ለእናቴ የምልከው ደብዳቤ እንኳ ከሰላምታው ብዙ አያልፍም። ይህን የምጽፈው ባለፈው እሁድ ጄኔቫ ላይ ተነስቼ መናገር ጀምሬ መጨረስ ስላቃተኝ ነው።

ለስደተኞች ማኅበራችን አዲስ ሊቀመንበር ልንመርጥ፣ ኦ ቪቭ በሚባል ሰፈር ባለ አንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ተሰብስበን ነበር። እኔ ዙሪክ፣ ሽዋመንዲንገን ሰፈር ነው የምኖረው። በማለዳ ተነስቼ በባቡር ሄድኩና እንደ ልማዴ ከኋላ፣ ካፖርት ከሚሰቀልበት አጠገብ ተቀመጥኩ። የሚወዳደሩት ሰው በዕድሜ ገፋ ያሉ ናቸው፤ አገር ቤት ዳኛ ነበሩ። ንግግራቸውን ሲጨርሱ አንድ ሰው እጁን አወጣ።

«ጋሼ፣ እርስዎን እናውቅዎታለን። አብረውዎት የሚሠሩትን ግን አሁኑኑ ይንገሩን። ያለፉት ሊቀመንበር እኮ ደግ ነበሩ፤ ጸሐፊያቸው ነው ያስመረረን።»

ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

«ዛሬ ስም ብጠራ ነገ ኤምባሲው ይሰማል። አገር ቤት ዘመድ የሌለው ከመካከላችን ማን አለ?»

ከዚያ ክርክሩ ከማኅበሩ ወጥቶ ወደ አገር ሄደ። አንዱ፣ ደርግ ሄዶ ፕሬዚዳንት በድምፅ የምንመርጥበት ቀን ቢመጣ፣ ተወዳዳሪው ሚኒስትሮቹን ከምርጫው በፊት ማሳወቅ አለበት አለ። ሌላው «መጀመሪያ ቀኑ ይምጣ» አለው። ሳላስበው ተነሳሁ። «እኛ ታስረን ሳለን…» ብዬ ጀምሬ ሳልጨርሰው ተቀመጥኩ። ምርጫው ለሌላ እሁድ ተላለፈ። ስንወጣ ካፖርቴን ያቀበለችኝ ሴት «መናገር ካቃተሽ ጻፊው» አለችኝ።

የታሰርኩት በወንድሜ ፈንታ ነው። ሊይዙት መጥተው ሲያጡት «እሱ እስኪመጣ አንቺ ነይ» አሉኝ። እሱ አልመጣም። ያስገቡኝ ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ የቀበሌ ክፍል ነው። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት እግር ነበር፤ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሴት እግር። ክፍሉ የላብና የሻገተ እህል ሽታ ነበረው። በስተግራ ያለው ግድግዳ በክረምት ውሃ ያንጠባጥባል፤ እሱን ተጠግቶ ያደረ ሰው ልብሱ ረጥቦ ይነሳል።

ተጠሪያችንን በእጅ እንመርጣለን። እሷ ደግሞ ምግብ የምታካፍል፣ ውሃ የምትይዝና መኝታ የምትደለድል ሴት ትሾማለች። እኔ ስገባ ተጠሪዋ ነርስ ነበረች። ሁሉም ይወዳታል። መኝታ እንድትደለድል የሾመቻት ሴት ግን ደረቁን ቦታ ጥሩ ስንቅ ለሚመጣላቸው ሰጠች። ስታስል የምትውል አንዲት ተማሪ እርጥቡ ግድግዳ ሥር ደረሳት። ነርሷ ተናገረች፤ የሰማት የለም። ክረምቱ ሳይወጣ ልጅቷን በብርድ ልብስ ጠቅልለው አወጧት። ሆስፒታል ነው አሉን። ከዚያ በኋላ እናቷ ያመጡት ስንቅ ከበር ተመለሰ። ስንቅ ሲመለስ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ነርሷ ወደ ሌላ እስር ቤት ስትዛወር አዲስ ተጠሪ ምረጡ ተባልን። ልብስ ሰፊ የነበረች፣ ዝም ያለች ሴት ጠየቅናት፤ እሺ አለች። ያን ጊዜ ከወዲያ ጥግ የበርበሬ ነጋዴዋ ድምፅ መጣ። ወፍራም ናት፣ ቀልደኛ፤ ለጠባቂዎቹ ሳይቀር ቅጽል ስም አውጥታላቸዋለች።

«አንቺንስ መረጥንሽ እንበል። መኝታውን ማን ሊይዘው ነው? ያቺን ልጅ የገደለቻት የመረጥናት ሴት አይደለችም፤ ያልመረጥናት ናት።»

ልብስ ሰፊዋ በሩን አየች። በሩ ቆርቆሮ ነው፤ ከውጭ የቆመው ጠባቂ ሁሉን ይሰማል።

«ስም አልጠራም» አለች ዝግ ባለ ድምፅ። «የወንዶቹ ክፍል ተጠሪ ስም ጠርቶ፣ ተደራጃችሁ ብለው የጠራቸውን ሁሉ ወሰዷቸው። በእኔ አፍ ሰው አይወሰድም።»

«ታዲያ ዓይናችንን ጨፍነን እንምረጥሽ?»

«አትምረጪኛ!»

ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። ጠባቂው ውጭ ሲያስነጥስ ሰማነው፤ ያን ያህል ቅርብ ነበር። የበርበሬ ነጋዴዋ መሬቱን በእጇ ተደግፋ ተነሳች። ድምፅዋን አልቀነሰችም።

«እሷ ከተመረጠች መኝታ የምደለድለው እኔ ነኝ። ማንም አልጠራኝም፤ ራሴ ነኝ የተነሳሁት። ይህን ሰውነት ይዞ ቦታ ማጣት ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ካለ ይምጣ።»

ሳቅን። ሌላ ሴት ተነስታ «ምግቡን እኔ» አለች። ውሃው ቀረ። ነጋዴዋ ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺ ድምፅ የለሽ፣ ለመቆም እኮ ድምፅ አያስፈልግም።»

ተነሳሁ። «ውሃውን እኔ እይዛለሁ» አልኩ። ከዚያ እጅ አወጣን፤ ልብስ ሰፊዋ ተመረጠች።

ነጋዴዋ ከሰዓት በኋላ ሁሉንም አስነስታ እንደገና ደለደለች። ከታመሙትና ከነፍሰ ጡሯ በቀር እርጥቡ ግድግዳ በተራ ሆነ፤ የመጀመሪያዋ ተረኛ ራሷ ነበረች። የሚቀጥለው ሌሊት ተራ የእኔ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት በሩ ተከፈተ። «መኝታ ደልዳይዋ ትውጣ» አለ ጠባቂው። በስሟ አልጠራትም፤ በሥራዋ ነው። እኔና ምግብ የምታካፍለው ሴት ተራችንን ጠበቅን፤ ለእኛ አልመጡም። ለምን እንደተዉን አላውቅም። ከቀናት በኋላ የእሷም ስንቅ ከበር ተመለሰ። ያን ቀን ልብስ ሰፊዋ ማንንም ሳትጠይቅ፣ አንዲት ሴት ከመሃል ተነስታ «መኝታውን እኔ» አለች።

አሁን ዙሪክ አጠገብ ቪንተርቱር ከተማ ባለ አንድ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ እሠራለሁ። ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው አንሶላ ሳጥፍ ብዙ አስባለሁ። ጄኔቫ ላይ የጠየቀውም ሰው፣ ስም አልጠራም ያሉት ዳኛም ልክ ይመስሉኛል። መራጭ መኝታውን ማን እንደሚይዝ አውቆ ይምረጥ። ተወዳዳሪው ግን የሌላውን ስም በራሱ አፍ አያውጣ። ለሹመት የታሰበው ሰው ራሱ ይቁም፤ ለማኅበርም ቢሆን፣ ያ ቀን ከመጣ ለአገርም ቢሆን።

ማኅበሩ አዲስ የሚመጡ ስደተኞችን ዙሪክ ባቡር ጣቢያ የሚቀበል ሰው ያስፈልገዋል። በሚመጣው እሁድ እኔ እቆማለሁ። እናቴ አዲስ አበባ ናት፤ እፈራላታለሁ። ቢሆንም እቆማለሁ።

የበርበሬ ነጋዴዋ ያን ጠዋት ስትወጣ አልተቻኮለችም። ነጠላዋን አጣፋች፣ ለዚያ ሌሊት የደረሳትን ደረቅ ቦታ በእጇ ጠረገች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ዛሬ እዚህ ተኚ። ስመለስ ግን አስነሳሻለሁ።»