ወጌሻው ስለ ትከሻዬ የተናገሩት

ቡሬ ገበያ ላይ የያዙኝ ጣልያኖች የከተቱኝ ጣራው ከወገቤ የማያልፍ የእህል ማከማቻ ውስጥ ነበር። ቁጭ ብለን እንኳ አንገታችንን መስበር ነበረብን። ዘጠኝ ሰዎች ጉልበታችንን አቅፈን፣ ከደጅ የሚሰማውን ኮቴ እያዳመጥን እንውላለን።

እኔ የብራና ጸሐፊ ነበርሁ። ለአርበኞች ደብዳቤ የምጽፈውም እኔ ነኝ። አንዱ ደብዳቤ ተይዞ ጸሐፊው ይፈለጋል፤ እኔ መሆኔን ግን ገና አላወቁም።

በሦስተኛው ቀን አጠገቤ የነበሩ የማንኩሳ ሽማግሌ ጀርባዬ ሲያሰቃየኝ አይተው ዳበሱልኝ። ጣታቸው ትከሻዬ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ልጄ፣ ብራና ጉልበትህ ላይ አድርገህ ስትጽፍ ነው የኖርኸው» አሉኝ በሹክሹክታ።

ወደ በሩ ተገላምጬ አየሁ። «እንዴት አወቁ፣ አባቴ?»

«ቀኝ ትከሻህ ወርዷል፤ አንገትህ ወደ ፊት ወጥቷል። እንዲህ የሚያጎብጥ ሌላ ሥራ አላውቅም። ወጌሻ ነኝ። ለነሱ ግን ገበሬ ነኝ ብያቸዋለሁ።»

ጣልያኖቹ የቆሰሉ አርበኞችን የሚጠግን ወጌሻ ሲያስሱ መክረማቸውን ሁላችንም እናውቃለን። ቢሆንም ምስጢሬ እሳቸው ዘንድ መግባቱ ዕረፍት ነሳኝ። ቢገረፉ ያወጡት ይሆን? ፊታቸውን ደጋግሜ አየሁ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ውዳሴ ማርያም ይደግማሉ።

በማግስቱ ጠዋት ልብሳችንን አስወልቀው ግቢው ውስጥ አሰለፉን። ጠመንጃ የተሸከመ ትከሻ ያስታውቃል ብለው ነው። አስተርጓሚያቸው እኔ ዘንድ ሲደርስ ቆመ።

«የዚህ አዘንብሏል። ጠመንጃ ነው!»

ጠመንጃ አይደለም ብል ምን ልላቸው ነው? ጸሐፊ ነኝ ካልሁ ያንን ደብዳቤ አውጥተው ጽሕፈቴን ሊያመሳክሩ ጻፍ ይሉኛል። የጣልያኖቹ ሹም በእጁ ወደ ግቢው ግንብ አመለከተ። እዚያ የቆመ አይመለስም። ሁለት ወታደሮች ክንዴን ያዙኝ።

«ቆዩ!» አሉ ሽማግሌው። «ልጅ ሳለ ከሾላ ላይ ወድቆ ተሰብሮ ነው። ያሰርሁለት እኔ ነኝ። አጣምሜ አሰርሁት።»

«አንተ ወጌሻ ነህ?» አለ አስተርጓሚው።

«አዎ፣ ወጌሻ ነኝ።»

ክንዴን ለቀቁኝ።

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ከመሬት አንስተው አራገፉና በወጉ ለበሱት። ወገባቸው ቶሎ አልተቃናላቸውም፤ እጃቸውን ጭናቸው ላይ ተክለው ቀስ እያሉ ቀና አሉ። ወታደሩ ሊገፋቸው ሲል «ተው፣ እሄዳለሁ» አሉት። በር ላይ እስከቆመው ጭነት መኪና ድረስ ዞረው አላዩኝም። ቢያዩኝ እጠረጠር እንደነበር የገባኝ ኋላ ነው።

እኔ ከወር በኋላ ተለቀቅሁ። ጣልያን ሲወጣ ማንኩሳ ሄድሁ። አልተመለሱም፤ የት እንደወሰዷቸው የሚያውቅም አልነበረም። የክርስትና ስማቸውን የነገሩኝ ሚስታቸው ናቸው። ዘመድ ተዝካር ይውጣ ቢላቸው እምቢ ብለዋል፤ እስኪሞቱም እምቢ እንዳሉ ኖሩ።

እኔም አርጅቻለሁ። ቅዳሴ ላይ ስማቸውን ዛሬም ከሕያዋኑ ጋር አስነሳለሁ።