መምህሩን አናግረው ያሉኝ ሰሞን

ሲይዙኝ ቢሮዬ ውስጥ ነበርኩ፤ ካዛንቺስ፣ ከአንድ መድኃኒት ቤት በላይ ያለች ጠባብ ክፍል። ከሰዓት በኋላ ነው። ለሁለተኛ ጊዜ የመጣች አንዲት ሴት አጠገቤ ተቀምጣ፣ ገና ቦርሳዋን ከጭኗ ላይ አላወረደችም። ሁለት ሰዎች በሩን ሳያንኳኩ ገቡና "ለጥያቄ እንፈልግሃለን" አሉኝ። ሴትዮዋን ይቅርታ ጠየቅኋትና "ሐሙስ ይምጡ" አልኳት። ሐሙስ የምመለስ መስሎኝ ነበር። ይህ ሞኝነቴ እስከ ዛሬ ያስቀኛል።

አንድ ስብሰባ ላይ ሰው ሲፈራ ምን እንደሚሆን ተናግሬ ነበር። በኋላ ከጠየቁኝ ጥያቄ እንደገመትኩት ጥፋቴ እሱ ነው።

የወሰዱኝ ፖሊስ ጣቢያ ቂርቆስ ውስጥ ነው። ክፍሉ ለስድስት ሰው ይበቃል፤ እኛ አሥራ አራት ነበርን። እግርና በረኪና ይሸታል። ከበሩ ሥር ያለው ቦታ ለአዲስ ገቢ ነው፤ ሽንት ቤት የሚወጣ ሁሉ ይረግጥሃል። እስረኞቹ ካቦ የሚሉት የክፍሉ ኃላፊ፣ አንድ የታክሲ ሹፌር፣ እንደ ወጉ ሁሉም ፊት ጠየቀኝ።

"ሥራ?"

"የሥነ ልቦና አማካሪ ነኝ።"

"ማለት፣ የእብድ ሐኪም?"

"እንደዛ በለው።"

"በቃ፣ ዘግይተህ ነው የመጣኸው ዶክተር። ሁላችንንም ነክቶናል።"

ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ስሜ ዶክተር ሆነ። ዶክተር አይደለሁም፤ ለማስተካከልም አቅሙ አልነበረኝም።

ያልሳቁት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ። ሃምሳን ያለፉ የሒሳብ መምህር ናቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መልሰው ይውላሉ። ከገቡ አምስተኛ ቀናቸው ነው፤ "እግዚአብሔር ይመስገን" ከማለት ሌላ ከአፋቸው ቃል አይወጣም አሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት መርማሪው አስጠራኝ። ወጣት ነው፤ ሸሚዙ ንጹሕ፣ ድምፁ ለስላሳ።

"ባለቤትህ ደርሳለች አይደል?" አለኝ።

ስምንተኛ ወሯን ጨርሳ ነበር፤ የመጀመሪያ ልጃችን። ከየት እንዳወቀ አልጠየቅሁትም።

"አብሮህ ያለው መምህር አንድ ቤት ውስጥ ከሰዎች ጋር ተሰብስቧል። የማን ቤት እንደሆነ ብቻ ነው የምንፈልገው። እኛን አያናግርም። አንተ ደግሞ ሥራህ ሰው ማናገር ነው። ስሙን አምጣልኝ፣ በማግስቱ ቤትህ ትገባለህ። ልጅህ ሲወለድ ትደርሳለህ።"

"እሺ" አልኩ።

ማንም አልመታኝም፤ ማንም አልጮኸብኝም። እሺ ያልኩት ቤቴ መግባት ስለፈለግሁ ነው። ወደ ክፍሉ ስመለስ ማፈር እንደነበረብኝ አውቃለሁ። ግን ማደንዘዣ እንደተወጋ ድድ ነበርኩ፤ ምንም አልተሰማኝም።

የሚያመነታ ሰው ቢሮዬ ሲመጣ ስለ ችግሩ አልጠይቀውም። ከየት ተነስቶ፣ ስንት ታክሲ ይዞ እንደመጣ ነው የምጠይቀው። ከስታዲየም በእግሩ ከመጣ ስለ መንገዱ እናወራለን። ጎን ለጎን እንጂ ፊት ለፊት አልቀመጥም፤ ዓይን ላይ ማፍጠጥ እኛ ዘንድ ድፍረት ነው። ዝም ሲል እኔም ዝም እላለሁ። የእኛ ሰው ገበናውን የሚያወጣው ሰላምታው ካለቀ ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ሊሄድ ተነስቶ፣ እጁ በሩ ላይ ካረፈ ወዲያ። አሥር ዓመት እንጀራ የበላሁበት እውቀት ይኸው ነው።

መምህሩ ላይ ሁሉንም ተጠቀምኩበት። አጠገባቸው ተቀምጬ ግድግዳውን አብሬያቸው አየሁ። ከቤት የመጣልኝን ምሳ ፊታቸው አቅርቤ፣ ብሉ ሳልል መብላት ጀመርኩ። ትንሽ ቆይተው እጃቸውን ሰደዱ። ስለ ባለቤቴ አወራኋቸው፤ እግሯ ማበጡን፣ ጫማዋን የማስርላት እኔ እንደነበርኩ። ያወራሁት እውነት ነው። እውነቱን ማጥመጃ ማድረጌ ነው ነውሩ።

በሁለተኛው ቀን፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ "ስንተኛ ወሯ ነው?" አሉኝ።

"ስምንተኛውን ጨርሳለች።"

"አይዞህ፣ ትደርሳለህ።"

በሦስተኛው ቀን ጠዋት እንደ ልማዱ ፀሐይ እንድንሞቅ ግቢው ውስጥ አወጡን። ከአጥሩ ማዶ የታክሲ ረዳት "ስታዲየም! ስታዲየም!" እያለ ይጣራል። ፖሊሱ "ግቡ" ብሎ ሲያጨበጭብ ሰዉ ተነሳ። መምህሩ ጫማቸውን ለማሰር ጎንበስ እንዳሉ ቀሩ።

"ዶክተር" አሉኝ በዝግታ። "አንድ ነገር ልንገርህ። ብቻዬን ይዤው ከበደኝ። ያን ዕለት የተሰበሰብነው መስቀል ፍላወር ጋ ነው፤ ቤቱ የ..."

"ይተውት መምህር።"

"ምነው?"

"አይንገሩኝ። አናግረው ብለውኛል። እሺ ብዬ ነው የተጠጋሁዎት። የቤቱን ባለቤት ከነገርኳቸው ይለቁኛል።"

ቀና ብለው አዩኝ። እስኪሰድቡኝ ጠበቅሁ።

"ስለ ባለቤትህ ያልከኝስ?"

"እሱ እውነት ነው።"

ሌላኛውን ጫማቸውን አሰሩ፤ ጊዜ ወሰደባቸው። ከዚያ ትከሻዬን ይዘው ተነሱና "ታዲያ ዛሬ ስለ ምን እናውራ?" አሉኝ።

ያን ቀን ከሰዓት ስለ ክፍልፋይ አወራን። "ክፍልፋይ ያልገባው ተማሪ እጁን አያወጣም" አሉኝ። "እኔም አልጠራውም። ሰሌዳ አጥፋልኝ ነው የምለው። አንዴ ሰሌዳው ጋ ከቆመ፣ በቃ፣ ራሱ ይጠይቀኛል።"

"እኔም እንደዚያው ነው የምሠራው።"

"አየሁህ እኮ!" አሉና ሳቁ። ካቦው ሳይቀር ዞሮ አያቸው።

በማግስቱ መርማሪው ወረቀቱን አዘጋጅቶ ጠበቀኝ።

"እሺ፣ ምን አለህ?"

"ክፍልፋይ አስተማሩኝ።"

"የማን ቤት እንደሆነ ጠየቅከው?"

"አልጠየቅኳቸውም። አልጠይቃቸውምም።"

መርማሪው ብዕሩን ከደነ። "እንግዲህ ምጡን በሰው ትሰማለህ" አለኝ፤ አልተቆጣም።

መምህሩን ከሳምንት በኋላ ወደ ሌላ ቦታ ወሰዷቸው። ሲወጡ በሩ ላይ ቆም ብለው፣ የአባቴ እኩያ ሆነው፣ ዝቅ ብለው እጅ ነሱኝ። ያሉበትን እስካሁን አላውቅም።

ልጄ የተወለደችው እኔ እስር ላይ እያለሁ ነው። ስፈታ ሠላሳ ሁለት ቀኗ ነበር። ያቀፍኳት ዕለት ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ደስታው የመጣው ብዙ ወር ቆይቶ ነው።

የካዛንቺሱ ቢሮዬ ከሕንጻው ጋር ፈርሷል። አሁን ስታዲየም አካባቢ ተከራይቼ እሠራለሁ። አዲስ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ "መናገር የማይፈልጉትን አይንገሩኝ" እላለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ ጥሩ ዘዴ ነው ይሉኛል።

ባለቤቴን ምጥ ሲይዛት ሆስፒታል ያደረሷት ጎረቤቶች ናቸው። እኔን ያዘገየኝ የፖሊሶቹ ክፋት ብቻ ይመስላታል። መድረስ እችል እንደነበር አልነገርኳትም። ልጃችን አራት ዓመት ሆናት፤ ለባለቤቴ ስንት ጊዜ ልነግራት ጀምሬ ስለ ውኃ መጥፋት አውርቼ ተነስቻለሁ።

ነገ ቁርስ ላይ ይህን ወረቀት እሰጣታለሁ። እሺ ማለቴንም፣ ቃሌን ማጠፌንም ከእኔ ትወቀው። በምጧ ቀን እኔን ስትጠራ ውላ እንደነበር እናቷ ነግረውኛል። መርማሪው ስሙን አምጣ ብሎ እንደገና ቢጠይቀኝም መልሴ ያው "አልጠይቃቸውም" ነው። አራት ዓመት የፈጀብኝ ይህችን አንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ነው።