የቦቴ ነጂው ቀኝ ጎን

ጉጉት ነው የሚሉት። እናት አባቱ ያወጡለትን ስም የሚያውቁት የስምሪት ክፍሉ መዝገብና ሚስቱ ብቻ ናቸው ቢባል ብዙም አልተጋነነም። ሃያ ስድስት ዓመት የነዳጅ ቦቴ ሲነዳ፣ ሌላው ሾፌር ጥላ ፈልጎ ሲጋደም እሱ ጎማውን እየዞረ በብረት ሲያንኳኳ ነው የሚታየው። «ጉጉት ዓይኑን የሚከድነው ሲያስነጥሰው ብቻ ነው» ይላሉ ጓደኞቹ። ይህን ሲሰማ ደረቱ ይነፋል፤ ደግመው ቢሉለትም አይጠላም።

መቼም ጤነኛ ነኝ የሚል ሰው ሁሉ ከሐኪም የሚደብቃት ነገር አታጣውም። የጉጉት የቀኝ ጎኑ ናት። ከብብቱ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ፣ በሁለት አጥንቶች መካከል፣ የሆነ ነገር ይጠዘጥዘዋል። ከረጅም መንገድ ተመልሶ ቤቱ ባደረ ማግሥት ደግሞ ይብስበታል። «የመንገድ ድካም ሰው ሲያርፍ ነው የሚወጣ» ብሎ ተርጉሞታል። ጥፋቱን የጣለው በቦቴው ወንበር ላይ ነው። ወንበር ሠሪው ዘንድ ሦስት ጊዜ ወስዶ ስፖንጁን አስለወጠ፣ ሽቦውን አስፈታ፣ በማርሹ በኩል ያለውን ጠርዝ አስቆረጠ። በሦስተኛው ወንበር ሠሪው መቀሱን አስቀምጦ፣ «ስማኝ ወንድሜ፣ ይህ ወንበር ከኔ አልጋ ይሻላል። የተበላሸው ጎንህ ነው፤ እሱን ደግሞ እኔ አልሰፋም» አለው። ተኳረፉ።

ለሐኪም ግን ትንፍሽ አላለም። የነጂ የጤና ማረጋገጫ በየሁለት ዓመቱ ይታደሳል፤ ዓይን፣ ጆሮ፣ የደም ግፊት፣ ስኳር ይታያል። ያቺ ወረቀት ከሌለች ቦቴ የሚሞላበት ግቢ በር ላይ ዘበኛው እንኳ አያናግርህም። እና ሊታደስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ጉጉት ጨው ይተዋል፣ በእግሩ ይሄዳል፣ ግፊቱ ከፍ እንዳይል ከማንም ጋር አይጨቃጨቅም። «ምነው ይህ ወረቀት በየሳምንቱ በታደሰ!» ትላለች ሚስቱ።

ሚስቱ የተማሪ የደንብ ልብስ ሰፊ ናት። ቤታቸው መንገድ ዳር ስለሆነ የፊተኛዋን ክፍል ሱቅ አድርጋታለች። አንድ አመል አላት፤ ቀን ቀን ትተኛለች። እግሯ ፔዳሉ ላይ እንዳለ፣ ግማሽ የተሰፋ ኮሌታ ላይ ግንባሯን ጣል አድርጋ ጭልጥ ትላለች። ጉጉት ይህን ለእንግዳ ሳያወራ አያልፍም። «እሷ መጀመሪያ ያገባችው እንቅልፍን ነው። እኔ ደባል ሆኜ ነው የገባሁት!» እንግዳው ይስቃል፤ እሷም አንገቷን ደፍታ ፈገግ ትላለች።

ሌላም አመል አላት። መንገድ ወጥቶ የቦቴው ጋቢና ውስጥ በተጋደመ ቁጥር ስልኩ ይጮሃል።

«ደህና ነህ አንተዬ?»

«ምን እሆናለሁ? ተኝቼ ነበር።»

«በል ተኛ።» ትዘጋለች። ጥቂት ቆይታ እንደገና።

«ቀስቅሶ ተኛ ማለት ምን የሚሉት ፍቅር ነው?» ይላል ጉጉት። በአጠገቡ ያቆሙ ሾፌሮች ደግሞ በመስኮት፣ «ጉጉት፣ ተቆጣጣሪህ ደወለች! አጠገብህ ያለችውን ደብቅ!» እያሉ ይጮሁበታል። ቅናት ነው ብሎ ደምድሟል። በዚህ ዕድሜ የሚቀናበት ሰው መሆኑም በሆዱ ደስ ሳይለው አልቀረም።

ዘንድሮ ወረቀቱ ዓርብ ያበቃል። ማክሰኞ ጠዋት ሸሚዙን አስተኩሶ ክሊኒክ ሄደ። የሚያውቁት ሽማግሌ ሐኪም ጡረታ ወጥተው በቦታቸው የልጁ እኩያ የምትሆን ዶክተር ተቀምጣለች። ዓይኑን አየች፣ ጆሮውን አየች፣ ግፊቱን ለካች። ሁሉም አለፈ። ጉጉት ጃኬቱን ሊያነሳ ሲል ከመሳቢያ ሜትር አወጣችና አንገቱ ላይ ጠመጠመችው።

«ምነው ልጄ፣ ሸሚዝ ልታሰፊልኝ ነው? እኔ ቤቴ ሰፊ አለኝ።»

ሳቀች፤ ቁጥሩን ግን ጻፈች። «አንገትዎ ወፈር ያለ ነው፤ ጉሮሮዎም ጠበብ ይላል። እንዲህ ያለ ሰው ሲተኛ ትንፋሹ ሊቆራረጥ ይችላል። ያንኮራፋሉ?»

«እኔ? እኔ እኮ ጉጉት ነኝ።»

«ሰው ራሱን ተኝቶ አይሰማም አባቴ። አብሮዎት የሚያድር ሰው ነገ ይዘው ይምጡና ሁለት ሦስት ነገር ልጠይቅ። ከዚያ እፈርማለሁ።»

ከበሩ ገና ሳይወጣ የስምሪት ኃላፊው ደወለ። «ዓርብ ጠዋት ሙሉ ጭነት ነው፣ ረጅሙ መንገድ። ወረቀቷን ይዘህ ና፣ አታሳፍረኝ።»

«አንድ ፊርማ ናት የቀረችው» አለ ጉጉት።

ረቡዕ ከሚስቱ ጋር ወጡ። ከሥራዋ በጥድፊያ ስለተነሳች መለኪያ ሜትሯን አንገቷ ላይ ረስታው ነበር። እሱም አላየላትም፤ እግረ መንገዱን ሲያስጠናት ነው የሄደው።

«እንዴት ይተኛል ካለችሽ፣ እንደ ድንጋይ በያት። ያንኮራፋል ካለች፣ ሲደክመው ትንሽ። ሌላ አትጨምሪ። አንቺ አፈ ታሪክ ከጀመርሽ ዓርብ አለፈ ማለት ነው።»

«እሺ» አለች።

«እንደ ድንጋይ።»

«ሰማሁ አልኩህ እኮ።»

ዶክተሯ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። «እናቴ፣ ባለቤትዎ እንዴት ነው የሚተኙት?»

«እንደ ድንጋይ።»

ጉጉት በሆዱ መረቃት።

«ያንኮራፋሉ?»

«ሲደክመው ትንሽ።»

«እያንኮራፉ ድንገት ጸጥ ይላሉ?»

ሚስቱ እጇን ወደ አንገቷ ሰደደች። ይኸኔ ነው ሜትሩን አንገቷ ላይ ያገኘችው። አውርዳ ጣቷ ላይ መጠቅለል ጀመረች፤ ጨረሰች፤ ፈታችው።

«ሰው ጸጥ ቢል ደግ አይደል እንዴ?» አለ ጉጉት ጣልቃ ገብቶ።

«እርስዎን አልጠየቅሁም አባቴ።»

«ጸጥ ይላል» አለች ሚስቱ፣ ሜትሩን እያየች። «ትንፋሹ ጥርቅም ይላል። እቆጥራለሁ። አንዳንዴ ሃያ፣ አንዳንዴ ሠላሳ። አርባ የሞላ ቀን አልቅሻለሁ።»

«ከዚያስ ምን ያደርጋሉ?»

«ምን አደርጋለሁ፣ በክርኔ ጎኑን እወጋዋለሁ። እህህ ብሎ ይመለሳል። ከዚያ እንደገና እቆጥራለሁ።»

ጉጉት ወንበሩ ላይ እንዳለ ወደ ሚስቱ ዞረ።

«የቱን ጎን?» አለ።

«ቀኙን። እኔ በዚያ በኩል አይደል የምተኛ?»

እጁ ሳያዝዘው ሄዶ ያቺን ቦታ ያዘ። ሦስት ጊዜ የተገለበጠው ወንበር ታየው። የተቆረጠው ጠርዝ፣ የወንበር ሠሪው መቀስ። ያ ሁሉ ስፖንጅ!

«ከመቼ ጀምሮ ነው እናቴ?» አለች ዶክተሯ፤ እሷም ብዕሯን ረስታዋለች።

«ልጃችን ስምንተኛ ክፍል ሳለች። ዛሬ እሷ ራሷ ልጅ ትምህርት ቤት ታደርሳለች።»

«እና ለምን አልነገርሽኝም?» አለ ጉጉት።

«ነግሬሃለሁ እንጂ! ‹ጉጉት ያንኮራፋል እንዴ?› ብለህ ሳቅህብኝ። በማግሥቱ ለጎረቤት ሁሉ አወራኸው። ሁለተኛ ምን ብዬ ልንገርህ?»

ዶክተሯ ጉሮሮዋን ጠረገች። «መንገድ ላይ ሲያድሩስ? ያኔ ማን ይቀሰቅሳቸዋል?»

«እደውላለሁ» አለች ሚስቱ።

ጉጉት ኪሱ ውስጥ ያለውን ስልክ ነካ አደረገ። በመስኮት የሚጮሁበት ሾፌሮች ድምፅ ትዝ አለው። ተቆጣጣሪህ ደወለች። እሱም አብሮ ይስቅ ነበር። ደግሞ ያቺ ኮሌታ ላይ የወደቀች ግንባር፣ ያ ሁሉ እንግዳ፣ ያ የደባል ቀልድ። አሥራ ምናምን ዓመት ሙሉ ሌሊቷን እሱ በልቶባት፣ ቀን ተኛች ብሎ ሰው ሰብስቦ ሲስቅባት ኖሯል። ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

ዶክተሯ ወደሱ ዞረች። «አሁን እርስዎን ልጠይቅ። እየነዱ ሸለብ አድርጎዎት ያውቃል?»

«የለም» የሚለው መልስ ምላሱ ላይ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ለጠየቀው ሁሉ የሰጠው መልስ ነው፤ ከነኩራቱ። ሚስቱን ‹አጋንናለች፣ የሴት ፍርሃት ነው› ብሎ መሸፈንም ይችላል። ዓርብ ጠዋት ጭነት አለ። አንድ ፊርማ ናት የቀረችው።

«ባለፈው ወር...» አለና ቆመ። «ትልቁ ድልድይ አለ፣ ከቁልቁለቱ በታች። ቁልቁለቱን ስጀምር አውቃለሁ። ከዚያ ከድልድዩ ወዲያ ያለው ገበያ ላይ ነበርኩ። ድልድዩ ግን... የለም። አላስታውሰውም። ሐሳብ ይዞኝ ሄዶ ነው ብዬ ተውኩት።»

ሚስቱ ሜትሩን ለቀቀችው፤ ወለሉ ላይ ተተረተረ። «የቱን ድልድይ?»

«ትልቁን።»

«ጭነህ?»

«ሙሉ።»

«ቀን?»

«ጠራራ ፀሐይ።»

እጇን አፏ ላይ ጫነች። «እኔ እኮ... እኔ እኮ የሚይዝህ ስትጋደም ብቻ ነው ብዬ ነበር። መሪ ከያዝክማ ተርፈሃል ብዬ፣ ስትነዳ በስልክ እንዳላዘናጋህ እሳቀቅ ነበር!» አለች። ሃያ ሺህ ሊትር ቤንዚን፣ ገበያተኛው፣ በድልድዩ ጠርዝ የሚሄደው እግረኛ፤ ሁለቱም ያንኑ ነገር እንደሚያዩ ሳይነጋገሩ ተግባቡ።

«ዛሬ ልፈርምልዎ አልችልም» አለች ዶክተሯ በለስላሳ ድምፅ። «እንቅልፍዎ መለካት አለበት። ከዚያ አየር የሚገፋ መሣሪያ አለ፣ በጭንብል የሚተኙበት። የሚድን ነገር ነው። ሥራዎን ለዘለዓለም...»

«አትፈርሚ» አለ ጉጉት። «እንዳትፈርሚ ልጄ።»

ደጅ ሲወጡ የስምሪት ኃላፊው ደወለ። «ጉጉት፣ ተፈረመች?»

«ቦቴውን ለሌላ ሰው ስጠው።»

«ምን ነካህ? ምን አመመህ?»

«እንቅልፍ።»

ኃላፊው እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። «እናንተ ኑ ስሙ! ጉጉትን እንቅልፍ አመመው!» ከኋላው ቢሮው ሁሉ ሲስቅ ይሰማል። ጉጉት ስልኩን ከጆሮው ሳያነሳ፣ ሳቁ እስኪያልቅ ጠብቆ፣ «ድልድዩን ተኝቼ ነው የተሻገርኩት» አለ። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም።

በሳምንቱ ራሱ ላይና ደረቱ ላይ ሽቦ ለጥፈው አስተኝተው እንቅልፉን ለኩት። በአንድ ሰዓት ውስጥ አርባ አንድ ጊዜ ትንፋሹ ቆሟል። ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበበው፤ ከዚያ ለሚስቱ ሰጣት። እሷ አልደነቃትም። «እኔ የጻፍኩት ነው የሚመስለው» ብላ መለሰችለት።

መሣሪያውን ወሰደ፣ ጭንብሉን ለመደ። ከአንድ ወር በላይ ከቦቴ ርቆ ከቆየ በኋላ ዶክተሯ ፈረመችለት፤ ለሁለት ዓመት ሳይሆን ለአንድ። መሣሪያውም ጋቢና ውስጥ አብሮት እንዲያድር ግዴታ ጻፈችበት። ጉጉት ከክሊኒኩ በቀጥታ ወንበር ሠሪው ዘንድ ሄደ። ነገሩን ሲነግረው ሰውየው መጀመሪያ በድንጋጤ አማተበ፤ ቀጥሎ ግን አላስቻለውም። «እና አሁን ምን ላድርግልህ? የእሷን ክርን ስፖንጅ ላልብስልህ?»

«እሱንማ አትንካብኝ» አለ ጉጉት።

ቤት ሲደርስ ቀኑ ገና እኩሌታው ነው። ሚስቱ እንደ ልማዷ የስፌት መኪናዋ ላይ ደፋ ብላ ተኝታለች። ሌሊት ሳይቆራረጥበት መተንፈስ ከጀመረ ይኸው ወር ሊሞላው ነው፤ እሷ ግን አሁንም እንቅልፍ የሚወስዳት በቀን ነው። መርፌው ከግንባሯ አንድ ጣት አይርቅም። ወረቀቱን ኪሱ ከተተና በርጩማ አምጥቶ በግራዋ ተቀመጠ። እንዳትነቃ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ኮሌታውን ከመርፌው ሥር በቀስታ ይስብ ጀመር።

ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። የምታልም መሰለው። ጠጋ ብሎ ሰማት።

«...አሥራ ዘጠኝ... ሃያ... ሃያ አንድ...»

ጉጉት በደነገጠበት ደርቆ ቀረ። የግራ ክርኗን ከጠረጴዛው ላይ አነሣችና፣ ዓይኗ እንደተከደነ፣ ያቺኑ ቦታ ሳትስት የቀኝ ጎኑን ወጋችው።

አፉን ከፍቶ፣ እንድትሰማው አድርጎ፣ በረጅሙ ተነፈሰ። እንደገናም ተነፈሰ። መቁጠሩን ተወች።