ስሙን ያነበብኩ ቀን

እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ እጄ ፈጣን ነው። ኮምቦልቻ ሳድግ የሰደበኝን ሳልመታ ቤት ገብቼ አላውቅም። እናቴ "አንቺ ልጅ፣ ይሄ እጅሽ አንድ ቀን ያጠፋሻል" ትለኝ ነበር። ያጠፋኝ ግን አፌ ነው።

መቀሌ ጋዜጠኝነት ስማር፣ አራተኛ ዓመት ላይ ለሦስት ወር የተግባር ልምምድ በትግርኛና በአማርኛ የሚያሰራጭ አንድ ሬዲዮ ጣቢያ መደቡኝ። ሁለት ወር ሙሉ የሰው ቃለ መጠይቅ ከመገልበጥና ከመላላክ በቀር የሠራሁት የለም። ድምፄ አንዴ እንኳ አየር ላይ አልዋለም። አብረውኝ የተመደቡት ሁለት ልጆች ሲያነቡ ስሰማ ቅናት አንጀቴን ይበላው ነበር፤ ምን ይደበቃል! አዘጋጁን "እኔስ መቼ ነው የማነበው?" እያልኩ ስነዘንዘው፣ "ዜና ይዘሽ ነይ፤ ያመጣሽውን ታነቢዋለሽ" አለኝ።

ይዤ መጣሁ። አንድ ቀን ጠዋት ሓድነት ክፍለ ከተማ ውስጥ አንድ ብየዳ ቤት ፈነዳ። ከየቦታው በተሰበሰበ ቁርጥራጭ ብረት መሃል ከጦርነቱ የቀረ፣ ያልፈነዳ የመድፍ ጥይት ኖሯል፤ በያጁ ተራ ብረት መስሎት በብረት መቁረጫው ግራይንደር ነካው። በታክሲ ስደርስ ሬሳውን ወስደውታል። ያልወሰዱትን አየሁ። ቆርቆሮው እንደ ወንፊት ተበሳስቷል፤ ግድግዳው ላይ ሥጋ አለ፤ አንዲት ሴት መሬት ላይ የቀረ ነገር በነጠላዋ ሸፍና ትጮኻለች። የድምፅ መቅጃዬን አወጣሁ። ጆሮው የሚደማ የሥራ ባልደረባው የሟቹን ስም ከነአባቱ፣ ከጦርነቱም ያለ አንዳች ጭረት መመለሱን ነገረኝ። አንድ ጎረቤት ያንኑ ስም ደገመልኝና "ወንድሙ ሬሳውን ተከትሎ ሄዷል" አለኝ።

ጣቢያ ስመለስ ለሰባት ሰዓቱ ዜና ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል። አዘጋጁ ጽሑፌን አየና "ቤተሰብ ሰምቷል?" አለኝ።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ጠፍቶኝ አይደለም። ሽማግሌና ጎረቤት ተጠራርቶ፣ በማለዳ፣ እናትን ግራና ቀኝ የሚይዝ ሰው ተዘጋጅቶ ነው። ግን ወንድሙ ቤተሰብ አይደለም እንዴ? "ሰምቷል" አልኩ። እናት ትኑረው አትኑረው፣ ትስማ አትስማ ማንንም አልጠየቅኩም፤ አለመጠየቄንም አልተናገርኩም። ዜናውን ለነገ ያሳድሩብኛል ብዬ ፈራሁ። ከእኔ በፊት የገባው የትግርኛው አንባቢ ስሙን ዘሎ "አንድ በያጅ" ብሎ ሲያልፍ ሰማሁት፤ በልቤ "ሰነፍ!" አልኩት። እኔ ስሙን ከነአባቱ፣ ከነሰፈሩ፣ ጥርት አድርጌ አነበብኩት። ስወጣ እግሬ መሬት አልነካም። ለእናቴ ደውዬ "አየር ላይ ዋልኩ!" አልኳት።

ሰዓት ሳይሞላ የቢሮው በር በእርግጫ ተበርግዶ አንድ ረጅም ሰው ገባ። ሸሚዙ ደም በደም ነው። "የአማርኛውን ያነበበችው የታለች?" ብሎ ጮኸ።

"እኔ ነኝ፤ ምን ፈለግክ?" አልኩ፤ ኩራቴ ገና አልለቀቀኝም።

"ንስኺ ዲኺ? አንቺ ነሽ?" ብሎ ፀጉሬን ጨብጦ ከጠረጴዛው ጋር አጋጨኝ። ከንፈሬ ተተረተረ፤ አፌ ደም ሞላ። እኔ ደግሞ የምመለስ አይደለሁም፤ እጄ የገባውን ስቴፕለር አንስቼ ቅንድቡ ላይ አሳረፍኩበት። ደሙ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ደግሜ ስሰነዝር አልተከላከለም። ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

"እናቴ ብቻዋን ነበረች" አለ። "ሽንኩርት እየከተፈች። ነገ ጠዋት ልንነግራት ነበር እኮ!"

ወይ አምላኬ! ስቴፕለሩ ከእጄ ወደቀ። አዘጋጁ ያነበብኩትን ጽሑፍ አንስቶ ፊቴ አስቀመጠው፤ በጥፊ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የኔ ደግሞ ወለምታም አይደለም፤ ውሸት ነው።

በሦስተኛው ቀን ከንፈሬ እንዳበጠ ለቅሶ ቤት ሄድኩ። ወንድምየው ቅንድቡን ተሰፍቶ በሩ ላይ ቆሟል። ሲያየኝ ፊቱን አዞረ፤ ግን መንገድ ለቀቀልኝ። እናትየው ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጉንጫቸውን በጥፍራቸው ቧጥጠው ጨርሰውታል። ቀደም ብለው የሞቱት ባላቸው ወሎዬ ስለነበሩ አማርኛን እንደ እኔው ነው የሚናገሩት፤ ሬዲዮም በአማርኛ ነበር የሚሰሙት።

"እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ እኔ…" ብዬ ሳልጨርስ "ድምፅሽን ዐወቅሁት፣ ጓለይ" አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው።

እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዙኝ።

"መርዶ ነጋሪ ነግሮ አይሄድም። ይይዝሻል፤ አብሮሽ ይጮኻል። አንቺ ስሙን ጠራሽውና የሳሙና ማስታወቂያ መጣ፤ ከዚያ ዘፈን። ሬዲዮኑን አቅፌ 'ማን ነው ያልሽው? ድገሚልኝ' እያልኩ ጮኽኩ። አልመለስሽልኝም።"

አጠገባቸው የነበሩት ሴት ተነስተው ቦታውን ለቀቁልኝ።

"አሁን ንገሪኝ" አሉ እናትየው።

በሁለት እጄ ጥብቅ አድርጌ ያዝኳቸውና ስሙን ተናገርኩ። ጮኹ፤ አብሬያቸው ጮኽኩ፤ እስኪመሽም አልተነሳሁም።