ወደ ሜጋ የምትዞረው መርከብ

ለልጄ እርሳስ ስቀርጽ የጥዱ ሽታ ወደ ነገሌ ቦረና ይመልሰኛል። ወታደሩ አባቴ፣ ምጽዋ ያያትን መርከብ በትንሹ ሊሠራ ግቢያችን ውስጥ ጥድ በመጋዝ ይሰነጥቅ ነበር። ሽማግሌው ጎረቤታችን ኦቦ ጂሎ "ናጋ" ብለው ገቡና ፍላጩን አንስተው አሸተቱ።

"ከየት ቆረጥከው?"

"ሜጋ መንገድ ላይ፣ ከድንጋይ ክምሩ አጠገብ። ምነው ኦቦ?"

"ክምሩ መቃብር ነው። የጥዱ ጥላ የሟቹ ነው፤ ይፈልገዋል።" ሳይቀመጡ ወጡ።

አባቴ ሳቀ። መርከቧን ጨርሶ፣ ፊቷን ወደ በሩ አድርጎ መደርደሪያ ላይ አስቀመጣት። ጠዋት ወደ ሜጋ ዞራ አገኘናት። መለሳት፤ በማግስቱም ዞረች። በሦስተኛው ቀን አባቴ መሳቁን ተወ።

አሁን መርከቧ ሐዋሳ፣ እኔ ቤት ሳሎን ውስጥ ናት። ፊቷ ዛሬም ወደ ሜጋ ነው። ወደ በሩ መመለሱን እኔም ትቻለሁ።