የኮሪደሩ ግማሽ

ሰፈሩ «መስታወት» ይላታል። መልኳን አይቶ አይደለም፤ እሷ የወለወለችው ወለል ላይ ሰው ፊቱን አይቶ ጸጉሩን ስለሚያስተካክል ነው። ጉልበቷን የጨረሰችው በጤና ጣቢያው ኮሪደር ነው። አንድ ቀን «በጀት የለም» ብለው አሰናበቷት። በድጎማ መኖር ስትጀምር ደግሞ አዲስ ደንብ ወጣ፤ ድጎማ የሚወስድ ሁሉ ጠዋት ጠዋት ይሥራ፣ ያልሠራ ይቅርበት ተባለ። ታዲያ የት ቢመድቧት ጥሩ ነው? እዚያው ኮሪደር። ያውም ስለ መጥረጊያ አያያዝ ሥልጠና ከወሰደች በኋላ።

መስታወት አልከፋትም። እንዲያውም ልቧ ሞቅ አለ።

«ሥራዬን ሲያዩ ቦታዬን ይመልሱልኛል» አለቻት ታናሽ እህቷን።

እህቷ ምላሷ አያርፍም። «በነጻ እያጸዳሽላቸው ደመወዝ የሚከፍሉሽ ምን ነክቷቸው ነው?»

«አንቺ ደግሞ ነገር ማጣመም ትወጃለሽ» ብላ አኮረፈች። እራቷን እንኳ ጀርባዋን ሰጥታ በላች።

ከዚያ ወዲያ ባሰባት። አግዳሚ እየሳበች ሥሩን ፈተገች፣ የበር እጀታ ሳይቀር አብረቀረቀ። በሽተኞች መሃሉን መርገጥ አፍረው ግድግዳ ግድግዳውን ይሄዱ ጀመር። ይሄኔ ሻሿን አስተካክላ ኃላፊው ቢሮ ገባች። ኃላፊው ብድግ ብሎ ተቀበላት።

«እናቴ፣ ኮሪደራችን እንዲህ ጸድቶ አያውቅም። እግዜር ይስጥልን።»

«እንግዲያው ቦታዬን መልሱልኛ።»

«የትኛውን ቦታ? የጽዳቱን መደብ እኮ ሰረዝነው። እርስዎ እያሉ ምን ያደርግልናል?»

መስታወት ወጥታ አግዳሚው ላይ ዘፍ አለች። በኃላፊው ተናደደች፤ በራሷ ደግሞ ይበልጥ ተናደደች። ከሁሉም በላይ ያንገበገባት የእህቷ ልክ መሆን ነው።

በማግስቱ ኮሪደሩን እስከ ግማሽ ወለወለችና ባልዲዋን አስቀምጣ ቁጭ አለች። ከመሃል ወዲያ ያለው ከነጭቃው ቀረ። ኃላፊው ሲገባ መሃል ላይ ቆመ።

«ምነው እናቴ፣ አሞዎት ነው?»

«ደህና ነኝ። ይኼኛው የድጎማው ነው። ያኛው የደመወዝተኛዋ ነው፤ ስትቀጥሯት ትወለውለዋለች።»

«ድጎማውን ያቆሙብዎታል እኮ!»

«አውቃለሁ።»

ፈርታለች፤ ከድጎማው ሌላ የምትኖርበት የላትም። ከፍርሃቱ ይልቅ ያስቸገራት ግን እጇ ነበር። መወልወያውን እንዳያነሳባት ቀሚሷን አጥብቃ ጨበጠች፤ ያ የቆሸሸው ወለል የእሷ ነውና አንጀቷን በላት።